ፊርማ ያለበት ወረቀት ቢሮ አያድርም

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት ማን እንደ ተረተው አላውቅም፤ ከእኛ ዘር ሳይሆን ግን አይቀርም። ዛሬም ሱቅ ገብቼ መልስ ስቀበል ሁለቴ እቆጥራለሁ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ አበዛሽው» ይሉኛል። ይበሉ። አሁን የማወራችሁ ግን ይህ ጠባዬ ናይሮቢ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደነበረ ነው። በዕድሜዬ ሰው የሚያስበላ ወረቀት ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አንዱን አዲስ አበባ፣ አንዱን ናይሮቢ። የመጀመሪያውን ካልሰማችሁ ሁለተኛው አይገባችሁም።

ስሜ ዘነበች ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ደርግ በወረሰው የጫማ ፋብሪካ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የተወረሰ ፋብሪካ ዓመቱን ሲዘጋ የተረፈውን ገንዘብ ለግምጃ ቤት ያስረክባል። ማሽን ቢሰበር ማሠሪያ እንኳ አይተውለትም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መኩሪያ ታዲያ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመለዋወጫ ቅድሚያ ይከፍሉ ነበር፤ ለቀበቶ፣ ለኩሽኔታ፣ ለመርፌ። ገንዘቡ ከመወሰዱ በፊት ዕቃ ይሆናል ማለት ነው። ለኪሳቸው አምስት ሳንቲም አልወሰዱም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩና።

ግን ቂም ነበረኝ። የክፍል ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተውብኝ ነበር። አንድ ቀን የፋብሪካው ካድሬ ጠራኝና ስለ መለዋወጫው የማውቀውን በወረቀት እንዳሰፍር ጠየቀኝ። ፈራሁ፤ መፍራቴ እውነት ነው። ነገር ግን «ስምሽን መጻፍ አያስፈልግም» ሲለኝ ደስ እንዳለኝም አልዋሽም። አንድ ገጽ ጻፍኩ። በሳምንቱ አቶ መኩሪያን «የኢኮኖሚ አሻጥር» ብለው ወሰዷቸው። የመለዋወጫ መጋዘኑን የሚይዘው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፤ እሱን አልነኩትም። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ሁሉ «ማን ይሆን የጠቆመው?» እያለ በጎሪጥ ይተያይ ጀመር። እኔም አብሬ «ማን ይሆን?» እል ነበር። በዓመቱ በሞያሌ በኩል ወጣሁ።

ናይሮቢ ስገባ የነበረኝ የስደተኛ ወረቀትና አንድ ሻንጣ ነው። ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ካቶሊክ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ሲቆጡ ወይም ሲራሩ ብቻ «ጓለይ» ይላል አፋቸው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በኢንዱስትሪ ሰፈር ባለ የብስኩት ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ነበሩ። ባለቤቱ ሚስተር ጃያንቲ የሚባል ህንድ ነው። የሥራ ፈቃድ የሌላት ስደተኛ እንዴት ሂሳብ ላይ ትቀመጣለች ሲል «ዋሷ እኔ ነኝ» ብለው በራሳቸው የሥራ ፈቃድ ተያዙልኝ። እኔ ካጠፋሁ እሳቸውም ከአራት ልጆቻቸው ጋር ከአገር ይወጣሉ ማለት ነው።

ታዲያ አመሰገንኳቸው? አመሰገንኳቸው። አመንኳቸው? አላመንኳቸውም። ያልተጠየቀ ደግነት ያስፈራኛል። በዚያ ላይ አንድ ነገር ነበራቸው፤ ጠዋት ቀጭን የነበረችው ጥቁር የቆዳ ቦርሳቸው ማታ ሲወጡ ትወፍራለች። በየቀኑ። ሠራተኞቹ «ብስኩት እየወሰዱ ነው» ብለው ይስቁባቸዋል። እኔ አልሳቅኩም፤ ቦርሳዋን ነበር የማያት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ናይሮቢ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ፋብሪካው አዲስ ምድጃ ለመግዛት ከባንክ ተበድሮ ነበር። በየሦስት ወሩ የሚከፈለው እንዳለ ሆኖ፣ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረበት። ዓመቱ ሲዘጋ ወጪው ሁሉ ተከፍሎ፣ ግብሩ ተነስቶ፣ የዓመቱ ዕዳ ተከፍሎ፣ ባንኩ በጽሑፍ የፈቀደው የማሽን ግዢ ተቀንሶ በእጅ ከቀረው ጥሬ ገንዘብ ከአራት ሦስቱ እጅ፣ የዕዳው ቀን ሳይደርስ አስቀድሞ ለባንኩ ይከፈላል። ባንኩ በአጭሩ «ዓመቱ ከቀናህ ለአማችህ መኪና ከመግዛትህ በፊት የእኔን ዕዳ አቅልል» ማለቱ ነው። ስሌቱን የሠራው ሰው «እውነት ነው» ብሎ ይፈርምበታል። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ባንኩ ብድሩን በሙሉ ባንድ ቀን መጠየቅ ይችላል። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ይዘጋል፤ ፈራሚውም ይከሰሳል።

ዋናው ሂሳብ ሹም ለቆ ስለነበር የዚያ ዓመት ፈራሚ እኔ ሆንኩ። ወረቀቱ ባንክ የሚገባው አርብ ነው። ሚስተር ጃያንቲ ሞምባሳ ሄዷል፤ የሚመለሰው አርብ ጠዋት ነው።

ማክሰኞ ዕለት መዝገቡን ስመረምር ልቤ ቀጥ አለ። ዓመቱ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ትልቅ ገንዘብ ወጥቷል። ለብስኩት ማሸጊያ ማሽን ቅድሚያ ክፍያ ይላል፤ የተከፈለው ዌስትላንድስ ሰፈር ላለ አንድ የማላውቀው ነጋዴ ነው። ማሽኑ አልመጣም። ፋይሉ ውስጥ ያለችው አንዲት የሒሳብ መጠየቂያ ወረቀት ናት፤ ከሥሯ የጋሽ ተስፋሚካኤል ስም። የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ የለም።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ዓመት ሊዘጋ ሲል የሚከፈል ቅድሚያ! አዲስ አበባ በገዛ እጄ የመዘገብኩት ነው። ልዩነቱ አቶ መኩሪያ መለዋወጫውን በእርግጥ ያስመጡት ነበር። ይህኛው ግን ገንዘቡን ከባንኩ ዓይን የመሸሸግ ዘዴ ነው አልኩ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነጋዴው ለሚስተር ጃያንቲ ይመልሰዋል፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ድርሻቸውን ያነሳሉ፣ ውሸቱ ላይ የምትፈርመው ደግሞ ዘነበች ናት። ለዚህ ነው ለካ ዋስ የሆኑኝ አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ።

ረቡዕ ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ዌስትላንድስ ሄድኩ። አድራሻው ላይ ያገኘሁት ቢሮ ሳይሆን ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ነው። ከሥሩ አንድ ልብስ ሰፊ ተቀምጧል። ስለ ነጋዴው ስጠይቀው ሰውየው የሚመጣው አልፎ አልፎ እንደሆነ፣ አሁን የት እንዳለም እንደማያውቅ በስዋሂሊ ነገረኝ። ተስፋዬ ተሟጠጠ፤ ጥርጣሬዬ ግን ደስ አለው። መጠርጠር የለመደ ሰው ሲሳካለት እንዴት ደስ እንደሚለው የለመደው ያውቀዋል።

ተመልሼ በቀጥታ ጋሽ ተስፋሚካኤል ዘንድ ገባሁ። ስለ ማሽኑ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባንኩ ፈቅዷል» አሉ።

«ደብዳቤው የታለ?»

«አለ።»

«የት ነው ያለው? ፋይሉ ውስጥ የለም እኮ።»

«አለ አልኩሽ። አንቺ ስሌቱን ሥሪና ፈርሚ።»

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሌባ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? ደብዳቤውን ለምን እንደማያሳዩኝ ብጠይቅ ዓይናቸውን ከዓይኔ አነሱ። ያቺን ቦርሳ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው እግራቸው ሥር አስቀመጧት። እኔም ወጣሁ።

በምሳ ሰዓት በሬን ዘጋሁና ለባንኩ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ናት። ማሽኑ የሐሰት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከስሌት እንዲያመልጥ የተሸሸገ እንደሆነ፣ ተስፋሚካኤል የሚባሉት የግዢ ኃላፊ ከነጋዴው ጋር እንደተስማሙ ጻፍኩ። «ሳይሆን አይቀርም» አላልኩም፤ «ነው» ነው ያልኩት። ስሜን አልጻፍኩም። የጽሕፈት መኪናውን ሳቆም እጄ ምንም አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። በፖስታ አሽጌ ባንኩ ሄጄ ለማታውቀኝ እንግዳ ተቀባይ ሰጠኋት። «የደረሰ» የሚል ማኅተም ቀጭ አድርጋ ሚስተር ኦቲኖ ወደሚባለው የብድር ሹም ሳጥን ከተተችው። ምሳዬን በልቼ ሥራዬ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ስሌቱ ባንክ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ቢሮዬ መጡ። በሩን ዘጉ። ቦርሳቸውን ከፍተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የባንኩ ደብዳቤ ነው። ማኅተሙ፣ ቀኑ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የነጋዴው ስም፣ የገንዘቡ መጠን፤ ሁሉም በቦታው። ፈርሞ የፈቀደው ሚስተር ኦቲኖ ነው። ከሥሩ የመርከብ ወረቀት አለ፤ ማሽኑ ሞምባሳ ወደብ ደርሷል። ሚስተር ጃያንቲ የሄደው ሊያስወጣው ነው።

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ጆሮዬ ጭው አለ። እንደምንም ብዬ ይህን ወረቀት ለምን ቤታቸው እንደሚያሳድሩት ጠየቅኳቸው።

«ፊርማ ያለበት ወረቀት ቢሮ አያድርም» አሉ። ከዚያ አስመራ ስለነበረ ጓደኛቸው ነገሩኝ። ወታደሮች ቢሮ ሲፈትሹ መሳቢያው ውስጥ የእሱ ፊርማ ያለበት አንድ የዕቃ ማዘዣ ያገኛሉ። የሸራ ማዘዣ ነው፤ ሸራው ለማን ድንኳን ነው ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፊርማ ያለበትን ሁሉ ማታ ማታ ተሸክመው ይሄዳሉ፣ ጠዋት የሚያስፈልገውን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። ፓርክላንድስ ቤታቸው አልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ወረቀት አለ። «ናይሮቢ ማንም እንደማይፈትሸኝ አውቃለሁ» አሉ። «እጄ ግን አያውቅም።»

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። ማታቱው ሰው እስኪሞላ ቆሞ ሲጠብቅ ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ከጀልኩ። በመንገዴ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ባይከፍተው፣ እባክህ ባይከፍተው።

ከፍቶታል። ሚስተር ኦቲኖ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቴ ተዘርግታ አየኋት። የመጣሁት ስለ ስሌቱ መስሎት ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚያ ወረቀቷን ወደ እኔ ዞር አደረገልኝ። ይህ ከፋብሪካችሁ የመጣ ይመስላል፣ ማን ሊጽፈው ይችላል ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑን የፈቀደው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ስለዚህ ወረቀቱ እሱንም የሚከስ መሆኑን ነገረኝ። ዝም ብሎ መቅደድ አይችልም፤ ማኅተም ተመትቶበታል። መርማሪ ይልካል፣ እስኪጣራ ድረስ የሥራ ፈቃዱ ክፍል ስለ ሰውየው እንዲያውቀው ይደረጋል። ጽሑፉን የጻፈውን ሰው ሲያስበው የሚጠረጥረው መጋዘን ያለውን አንዱን ሠራተኛ እንደሆነም ጨመረ፤ ባለፈው ወር ከጋሽ ተስፋሚካኤል ጋር ተጣልቶ ባንክ ድረስ መጥቶ አቤት ብሎ ነበር።

አሁን እዩልኝ። ዝም ብል ማንም አያውቀኝም። ስም የለበትም። መጋዘን ያለው ምስኪን ይጠረጠራል፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ይመረመራሉ፣ እኔ ደግሞ «ማን ይሆን?» እያልኩ አብሬ እተያያለሁ። ይህን ሥራ እችልበታለሁ። ብናገር ግን ሥራዬ ያበቃል፤ ያለ ሥራ ደግሞ ፈቃዴ፣ ያለ ፈቃድ ደግሞ ድንበሩ፣ ከድንበሩ ወዲያ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ። ተቀምጬ ሳለሁ ትዝ ያለኝ የአቶ መኩሪያ ወንድም ነው። ወንድሙ ከተወሰዱ በኋላ፣ የጠቆመው እሱ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ምሳ ቤት ከጠረጴዛው ይነሳበት ነበር። እኔም ተነስቻለሁ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሰማኝም መሰል፤ ደገምኩት። ከዚያ ለምን ስሜን እንዳልጻፍኩ ሳይሆን ለምን ሚስተር ጃያንቲ ገንዘቡን ከባንኩ ይሸሽጋል ብዬ እንዳሰብኩ ነው የጠየቀኝ። ዓመት ሲዘጋ የተረፈው ይወሰዳል፣ የሚወሰድበት ሰው ደግሞ ይሸሽጋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ማዳም፣ አስቀድሞ የከፈለው እኮ ከራሱ ዕዳ ላይ ነው የሚቀነሰው። ወለዱ ስላቃጠለው አስቀድሞ የሚከፍለው ድርሻ ይጨመር ብሎ የለመነን እሱ ነው። እኛ አንወስድበትም።»

አያችሁ? አንቀጹን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያነበብኩት ግን በአዲስ አበባው መነጽር ነው። ግምጃ ቤትና ባንክ ለእኔ አንድ ነበሩ፤ የተረፈ ሁሉ የሚነጠቅ፣ የሚከፍል ሁሉ የሚሸሽግ።

ሚስተር ኦቲኖ ብዕር ሰጠኝ። ከወረቀቷ ሥር፣ የጻፍኳት እኔ መሆኔን፣ የባንኩን ፈቃድ ካየሁ በኋላ ክሱ ሐሰት መሆኑን እንዳረጋገጥኩ በእጄ እንድጽፍ አደረገኝ። ከዚያ ሙሉ ስሜን። በዚህ ጊዜ ፊርማዬ የእኔ አይመስልም ነበር። ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው። እሱ በበኩሉ ነገሩ እንዳለቀለት፣ ለባለቤቱና ለሰውየው መንገር ግን የእኔ ፈንታ እንደሆነ ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተስፋሚካኤልን የፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ባዶ ሣጥኖች በተደረደሩበት አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የናይሮቢውን ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባውንም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አለቀስኩ፣ በእውነት አምርሬ አለቀስኩ።

«የአዲስ አበባውን አውቀዋለሁ» አሉ።

ክው አልኩ።

«ከመቀጠርሽ በፊት ከፋብሪካሽ የወጣ አንድ ሰው ነገረኝ። እሱም ጥርጣሬ ነው ያለው፣ ማስረጃ የለውም። ደብዳቤውን ያላሳየሁሽም ለዚህ ነው፤ እጅሽ ላይ ወረቀት ማስቀመጥ ፈራሁ። እኔም ጠረጠርኩሽ፣ ጓለይ። ባሳይሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

እያወቁ ለምን ዋስ ሆኑኝ? በልጆችዎ እንጀራ ለምን? አልኳቸው።

አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። «ለሚታመን ሰው ዋስ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

አርብ ጠዋት ሚስተር ጃያንቲ መጣ። ነገርኩት። ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ በጉጃራቲ የሰደበኝ ስድብ ትርጉሙን ዛሬም አላውቅም። ጋሽ ተስፋሚካኤል ገብተው አጠገቤ ቆሙ። በመጨረሻ ስሌቱን አምጪ አለኝ። አመጣሁ፤ ማሽኑ ተቀንሶ ከተረፈው ከአራት ሦስቱ እጅ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አየው፣ ፈረመ፣ ወደ እኔ ገፋው። እኔም ፈረምኩ። ስድስት ወር ደሞዜን ሩብ ቀነሰብኝ፤ አላባረረኝም። ባንኩ በቀኑ ተከፈለው። ማሽኑ በሚቀጥለው ወር ተተከለ። እኔም እዚያው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ደብዳቤዎቹ ቢሮ ማደር የጀመሩት ግን በብዙ ጭቅጭቅ ነው፤ መጀመሪያ ግልባጩ፣ ከዓመት በኋላ ዋናው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ «ከዚያ ወዲህ ሰው አመንኩ» ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። መልስ ሁለቴ እንደምቆጥር ነግሬያችኋለሁ። የተማርኩት ሌላ ነው፤ ብትጠረጥሩ ጠርጥሩ፣ ስማችሁን ግን ጻፉበት። ስም የሌለው ወረቀት የተጻፈበትን ሰው ብቻ አይበላም፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይዳስሳል። በፊት ለፊት «የታለ ደብዳቤው? እስካላየሁ አልፈርምም» ብሎ መቆም ነበር የእኔ ሥራ። አቅቶኝ ሳይሆን አልለመድኩትም ነበር።

በዚያው ዓመት ለአቶ መኩሪያ ቤተሰብ ጻፍኩ። ፖስታው ስለሚከፈት በአየር መንገድ በሚሠራ ሰው እጅ ላክሁት። ምንም ሰበብ አልጨመርኩም፤ ቂሜንም አልደበቅሁም። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ወራት አለፉ። መልስ የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ያው ሰው ትንሽ ፖስታ አመጣልኝ። የጻፈችው የአቶ መኩሪያ ልጅ ናት። አባቷ ከሦስት ዓመት በኋላ ታመው እንደወጡና በዓመቱ እንዳረፉ ትነግረኛለች። የቀረውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ።

«አባባን የጠቆመው አጎቴ ነው ብለን ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። ለቀብር ሲመጣ እናቴ ከበር መለሰችው። ደብዳቤሽ የደረሰን ዕለት እቤቱ ሄደን እግሩ ላይ ወደቅን። እሁድ እኛ ቤት ምሳ በላ፤ በአባባ ወንበር ተቀመጠ። አንቺን ይቅር አላልንሽም።»

ከታች ሙሉ ስሟን ፈርማለች።